ስለ መያዣና ስለ ሐራጅ

ተበድሮ መሥራት ነውር አይደለም፤ የተበደሩትን መክፈልም ግዴታ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሰው ሁሉ ስሙን ለመጥራት የሚሸሸው አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ባለዕዳው መክፈል ሲሳነው መያዣውን የመረከብና በሐራጅ የመሸጥ ሥራ ነው። ስለዚህ ሥራ ጥቂት ልንናገር እንወዳለን።

ቀድሞ በአገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ በቁራኛ ተሳስረው አብረው ይውሉ እንደ ነበር ይታወቃል። ዛሬ የሚያዘው ገላ ሳይሆን ንብረት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፥ ባለገንዘብ መያዣውን ያለ ሥርዐት እንዲወስድ የሚፈቅድን ውል አይቀበልም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን፥ በውል የተስማሙ ባንኮች ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፥ ከ30 ቀን የማያንስ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል።

ይህ ነገር በሸሕዲና በመተማ ቆላ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ሩቅ አይደለም። የዚያ አገር ሀብት ሰሊጥና ጥጥ፥ ማሽላም ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ክረምት ሳይገባ ነው፤ የሚመለሰው ግን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ሰሊጥ ደርሶ አጫጅ ካጣ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ድንበሩ ሲታወክ ደግሞ የከፋ ነው፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በወሰኑ አካባቢ ይታረስ የነበረውን መሬት ሲይዝ ብዙ አራሽ አዝመራውን አጥቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነትም የወሰኑን ንግድ አውኳል። እንግዲህ ዕዳውን ያልከፈለ ሁሉ አታላይ አይደለም።

የሚረከበውም ሰው ቢሆን ጨካኝ ነው ማለት አይገባም። ንብረቱን የሚመዘግበው፥ ዋጋ የሚገምተው፥ ማስታወቂያ የሚለጥፈው፥ ትራክተሩን ከዕርሻ ውስጥ የሚያወጣው ሰው እንጀራውን በዚሁ የሚበላ ነው። በትንሽ ከተማ ባለዕዳውን በገበያና በለቅሶ ቤት ያገኘዋል፤ ሕፃናቱም በአንድ ትምህርት ቤት ይማሩ ይሆናል። ስለዚህ በቀን ይሂድ፥ ወረቀቱን ያሳይ፥ የወሰደውን አንድ በአንድ ጽፎ ቅጂውን ይስጥ። ለራሱ ወይም ለዘመዱ በርካሽ እንዲወድቅ ግምቱን አያሳንስ። ሐራጁ ያወጣው ገንዘብ ከዕዳው ቢተርፍ ትርፉ የባለዕዳው ነው፤ ቢጎድል ግን ጉድለቱ በባለዕዳው ላይ ይቀራልና፥ በግምት ላይ የሚደረግ ቅሚያ ድሃውን ሁለት ጊዜ ይገፈዋል።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 አበዳሪ መያዣ ለመቀበል ወደ ባለዕዳው ቤት ዘሎ እንዳይገባ፥ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ፥ ወፍጮም በመያዣነት እንዳይወሰድ ታዟል፤ የሰው ኑሮ በእርሱ ነውና። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግም በፍርድ አፈጻጸም ጊዜ የቤተ ሰቡ ልብስና መኝታ፥ የማብሰያ ዕቃ፥ የሠራተኛው መሣሪያ፥ ለገበሬውም ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብትና ዘር እንዳይያዙ ይከለክላል። ነገር ግን ማንም በገዛ ፈቃዱ ለባንክ በመያዣ የሰጠውን ትራክተር መሣሪያዬ ነው ብሎ ያድናል ብላችሁ አትታመኑ።

ለቤተ ሰቦች የምንመክረው ይህ ነው። የጋራ ቤት በመያዣ ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል፤ እንግዲህ እመቤቲቱ ወረቀቱ ሳይነበብላት አትፈርም። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ከሣጥን ሥር አትደብቁት፤ ትራክተሩንም ወደ ሌላ ወረዳ አታሽሹ፤ ይህ ችግረኛውን አታላይ ያስመስለዋል። ይልቁን ባልና ሚስት አብራችሁ፥ 30ው ቀን ሳያልቅ፥ የአዝመራውን ሒሳብ ይዛችሁ ወደ ባንኩ ሂዱና የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘም ጠይቁ። ባንኮችም ቢሆኑ በሰኔ የተነጠቀ ትራክተር የዓመቱን ዕርሻ ይዞ እንደሚሄድ፥ ከአዝመራ በኋላ የሚጠየቅ ዕዳ ግን ሊከፈል እንደሚችል ቢያስቡበት ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል።