የገበያ ሴቶች ንብረትና የግብር ወረቀት በምሥራቅ ጃቫ

ክሊፎርድ ጊርትዝ «ሞጆኩቶ» በሚል ተለዋጭ ስም የጻፈላት ፓሬ በምሥራቅ ጃቫ፣ በኬዲሪ አውራጃ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጥናት ወዲህ በኢኮኖሚ ጽሑፎች የምትነሣው በአብዛኛው ስለ ዋጋ ክርክርና ስለ ጥቃቅን ነጋዴዎች ነው። ስለ ንብረት የምታስተምረው ግን ከዚያ አያንስም። የአሊስ ዲዊና የሂልድረድ ጊርትዝ ሥራዎች እንደሚያሳዩት፣ በገበያው ጎልተው የሚታዩትም የቤቱን ገንዘብ የሚይዙትም ሴቶች ናቸው። በጃቫ ልማድ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ልትወርስ ትችላለች፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብትም «ጎኖ ጊኒ» ተብሎ የባልና ሚስት የጋራ ነው። የ1974ቱ የጋብቻ ሕግም ይህንኑ አጽንቶታል።

ችግሩ ያለው ከወረቀቱ ላይ ነው። «ጊሪክ» የሚባለው አሮጌ ሰነድ በመሠረቱ የግብር ማስረጃ እንጂ የባለቤትነት ካርታ አይደለም፤ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም በስሙ ሊቆይ ይችላል። በ2021 የወጣው የመንግሥት ደንብ እንዲህ ያለው መሬት በ5 ዓመት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ካልሆነ ግን ሰነዱ በባለቤትነት ማስረጃነት እንዳያገለግል ደንግጓል። ምዝገባው በራሱ የሚጠላ አይደለም፤ የተመዘገበ መሬት ለብድር ዋስትና ይሆናልና። ይሁን እንጂ ቀነ ገደቡ የሚከብደው ውርሱን ገና ባልተካፈሉ ቤተሰቦች ላይ ነው። በጥድፊያ ሲመዘገብ ካርታው በአንድ ወንድም ወይም በባል ስም ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ከንጋት በፊት ገበያ የምትወርደው ነጋዴም በልማድና በሕግ የእርሷ የሆነውን ድርሻ በክርክር ማስረዳት ይጠበቅባታል። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ካርታ ከመስጠቱ በፊት ወራሾችን ሁሉ በየስማቸው፣ ባልና ሚስትንም በአንድነት እንዲጽፍ በደንብ ሊገደድ ይገባል።