የጨዋታውን ሕግ ማን ይጽፋል?

አንዲት የሸዋሮቢት እናት በደብዳቤ ጠይቀውናል። በኵር ልጃቸው ከጎረቤት ወጣቶች ጋር ሦስት ኮምፒዩተሮችን በኬብል አያይዞ ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ ይጫወታል፤ የ11 ዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ግን ተኩሱ በተሰማ ቍጥር ከቤት ወጥቶ ከማንጎው ሥር ይቀመጣል። «ኮምፒዩተሩን ልሽጠውን?» ይላሉ።

የታናሽየው ነገር ለይፋት ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና ሸዋሮቢት በእሳትና በጥይት ተፈተኑ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ከከተማይቱ ገባ፤ በመንግሥት ኃይሎች እጅ መመለሷም የተነገረው በኅዳር ጽዮን ማግስት፣ ኅዳር 22 ቀን ነበር። ያን ጊዜ በእናቱ እጅ ተይዞ የሸሸ ሕፃን ዛሬ ከድምፁ ቢሸሽ ፈሪ አይባልም።

ታላቅየውም ክፉ ልጅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ይህ ጨዋታ ልጁን በቤት እንዳቆየላቸው እናቲቱ ራሳቸው ጽፈዋል። ስለዚህ አይሽጡት እንላለን።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለና፤ ጨዋታው ተሠርቶ እንዳለቀ ዕቃ አይደለም። ካውንተር ስትራይክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሚን ሌና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሰዎች ሀፍ ላይፍ የሚባለውን ሌላ ጨዋታ ለዋውጠው ያወጡት ነው። ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒዩተር ለሁሉም ሕግ ይደነግጋል፤ በገና ጨዋታ ጥንጓ ሳትመታ ሜዳውና ግቡ በስምምነት እንደሚለይ ማለት ነው። የካርታዎቹ ተራ «ማፕሳይክል» በሚባል መዝገብ ውስጥ በየመስመሩ ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱን ሰርዞ ሌላውን ማስገባት የደቂቃ ሥራ ነው። የጊዜው ወሰንም በቍጥር ይጻፋል፤ 20 ተብሎ ከተጻፈ 20 ደቂቃ ሲሞላ ካርታው ይለወጣል። (ለራት መጥሪያም ይረዳል።)

ካርታዎቹም እኩል አይደሉም። ዴቭ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው ዝነኛው ደስት ቱ አሸዋማ ግድግዳና ጠባብ መንገድ ያለው የበረሃ ከተማ ነው፤ በቆላ ከተማ ጦርነት ላየ ሕፃን እጅግ ይቀርባል። ኦፊስ የተባለው በበረዶ የተከበበ መሥሪያ ቤት ነው፤ ተግባሩም ታጋቾችን ማስለቀቅ ነው፤ ተኩሱ ግን አልቀረለትም። እኛ የምንመርጠው ስማቸው በ«ኬዜድ» የሚጀምረውን ነው። እነዚህን ተጫዋቾች ራሳቸው ሠሯቸው፤ በእነርሱ ውስጥ የሚወዳደሩት በመተኮስ ሳይሆን ከእንቅፋት እንቅፋት እየዘለሉ፣ በሰዓት እየተለኩ ከፍታ በመውጣት ነው። የይፋትን ልጅ ዳገት መውጣት ማን ያስተምረዋል!

የተኩሱን ካርታ በተመለከተ፣ የአሜሪካ የጨዋታ መዳቢዎች ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ብለውታልና ታላቅየው ከባልንጀሮቹ ጋር ሲጫወት በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ ታናሽየውም በዚያ ሰዓት ከክፍሉ አይኑር።

እናታችን፣ በዚህ ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ሁለቱን ልጆች አብረው ያስቀምጧቸው። ታላቅየው መዝገቡን ይክፈት፤ የሚሰረዙትን ካርታዎች ግን ታናሽየው ይጥራ።