ሙግቱስ ገጠመ፤ እውነቱስ?

እስቲ አንባቢዎቼ አንድ ጊዜ ይፍረዱኝ። «መንዝ ውስጥ ያለ ከተማ ሁሉ የባሕር ወደብ አለው። ሞላሌ መንዝ ውስጥ ናት። ስለዚህ ሞላሌ የባሕር ወደብ አላት።»

ሳቁ? መሳቅስ ያስቃል። ግን ሙግቱ የቱ ጋ ነው የተበላሸው? አገጣጠሙ ላይ እንከን የለም። የፊተኞቹን ሁለቱን የተቀበለ ሰው ሦስተኛውን አልቀበልም ብሎ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለውም። የተበላሸው መነሻው ነው፤ ውሸት ነዋ!

አሁን ደግሞ ይኼን ይስሙ። «ደጋ ሁሉ ብርድ ነው። መሐል ሜዳ ብርድ ናት። ስለዚህ መሐል ሜዳ ደጋ ናት።» ሦስቱም እውነት ነው፤ ያልመሰለው ጋቢ ሳይዝ ሄዶ ይሞክረው። ሙግቱ ግን ባዶ ነው። በዚሁ አካሄድ ከሄድንማ ጓዳችን የቆመው ፍሪጅም ደጋ ሊሆን ነው።

የሙግት ልክነት ሌላ፣ የነገር እውነትነት ሌላ ነው። ይህንን አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት መርምሮታል፤ እኛም ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በኮርስ መልክ እናስተምረዋለን። ጉዳዩ የፈተና ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣ ቦታ አላባክንበትም ነበር። ሰው የሚታሰርበትና የሚፈታበት ነገር ስለሆነ ነው እንጂ።

ወንድ አያቴ የጌራ ምድር ሰው ነበሩ። ሎጂክ የሚባል ቃል በጆሯቸው ገብቶ አያውቅም፤ ሙግት ግን ውሃ ነበር ለሳቸው። መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር እየተባለ በሦስት ተከፍሎ የኖረ አገር ነው። ርስትም መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት፣ በአባትም በእናትም ወገን ትውልድ ተቆጥሮ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ሁሌም መልኩ አንድ ነው፦ «የአቅኚው ዘር ሁሉ ድርሻ አለው። እኔ የአቅኚው ዘር ነኝ። ስለዚህ ድርሻ አለኝ።»

አያቴ እንዳጫወቱን፣ ተሟጋቹ ይህንን ሲያሰማ «አልገጠመልህም» የሚለው ሰው የለም። የሚባለው «ቁጠር!» ነው። ይቆጥራል። እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች እያለ ሽቅብ ይወጣል። ስድስተኛዋ ቅድመ አያት ላይ ሲደርስ ባላጋራው ብድግ ይላል፦ «ቁም! እሷማ መካን ነበረች!» ነገሩ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። እማኝ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ሙግቱ ዓመት ይፈጃል። የሚፈጀውም በዚያች በሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይኼው አይደል?

እርግጥ ነው፣ አንደበቱ የተባ ሰው በላ ልበልሃ እያለ፣ ዱላውን እየነቀነቀ፣ በፈረስና በማር እየተወራረደ ያልነበረ አያት ወልዶ ሊረታ ይችል ነበር። የዳኛውም ፈተና ለጆሮ የጣመውን ከእውነቱ መለየት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ይህ ሁሉ ክርክር ከሰመ። ልብ ይበሉ፣ አዋጁ የሙግቱን አገጣጠም አልነካውም፤ ዛሬም ቢሆን ይገጥማል። የመጀመሪያው መነሻ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ እውነት መሆኑ ቀረ። አያቴ እስኪያልፉ ድረስ «ሳይረቱኝ ወሰዱት» እያሉ ነው የኖሩት። በሙግት ደረጃ ካየነው አልተሳሳቱም።

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጥር 2016 ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 ማብቂያ ዘለቀ። ገና በነሐሴ 2015 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አዲስ አበባ ውስጥ ሳይቀር ብዙ የአማራ ተወላጆች መታሰራቸውን በመግለጫው ተናግሮ ነበር። የእስሩ ሙግት «ታጣቂን የሚረዳ ሁሉ ይያዝ፤ እገሌ ይረዳል፤ ስለዚህ ይያዝ» ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይገጥማል። የሚቀረው እንደ ጌራ ምድር ሽማግሌዎች «ቁጠር!» ማለት ነበር።

አንድ የግሼ ልጅ የነገረኝ ግን ሌላ ነው። መንገድ ላይ ተይዞ ስድስት ሳምንት ከርሞ ተፈታ። ጥፋቱ ምን ይሆን? ፀጉሩ አድጓል፤ የገደሉንም መንገድ ያውቀዋል። «ታጣቂዎቹ አገሩን ያውቁታል፤ አንተም አገሩን ታውቀዋለህ» ተባለ። ይኼ እኮ የፍሪጁ ሙግት ነው! የተወለደበትን አገር እሱ ካላወቀው ማን ይወቅለት? እንዲህ ያለው አካሄድ አልፎ አልፎ እውነተኛ ታጣቂ ሊያስይዝ ይችላል፤ መሐል ሜዳም እኮ በዚያ በተበላሸ ሙግት ውስጥ ደጋ መሆኗ አልቀረም። ያዡን የሚያታልለውም ይኼው ነው፤ አንዴ ስለሰመረለት አካሄዱ ልክ ይመስለዋል።

እኛስ ብንሆን? ተቃዋሚ ነን የምንለው ሰዎች ቡና እየጠጣን «መንግሥት የሚናገረው ሁሉ ውሸት ነው» እንላለን። ነገ መንግሥት «ዛሬ ሰኞ ነው» ቢል ሰኞነቱን ልንክድ ነው? ደግሞም «ካድሬ ሁሉ ይነቅፈናል፤ አንተም ነቀፍከን፤ ስለዚህ ካድሬ ነህ» እንላለን። እንደገና ፍሪጁ መጣ! ይህንን ጽሑፍ አንብቦ ካድሬ የሚለኝም አይጠፋም፤ ይበለኝ።

ጥያቄዬ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ነው። በዚያ አዋጅ ጊዜ ተይዞ እስካሁን ያልተለቀቀ ሰው ካለ ዳኛ ፊት ይቅረብ፤ ሁለተኛዋም ዓረፍተ ነገር እዚያው በምስክር ትቆጠር። ካልተቆጠረች ሰውየው ወደ ቤቱ ይሂድ። የተፈታውም ቢሆን ንብረቱ ይመለስለት፤ የግሼው ልጅ የተወሰደበትን መታወቂያ እስካሁን አላገኘም፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ኬላ አያልፍም።