የሞላሌ ጉዳይ በሞላሌ ይቆረጥ

«የገጠር ሕዝብ የራሱን ጉዳይ በራሱ ለማስተዳደር ገና አልደረሰም» የሚለው ቃል በአገራችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ተናጋሪው ይለወጣል እንጂ ቃሉ አይለወጥም። እኛ ግን መርምረን እውነት ሆኖ ስላላገኘነው እንቃወመዋለን።

አስቀድመን ወደ መንዝ እንመልከት። በጌራ ምድር ያለው የጓሳ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቆ የኖረው በመንግሥት ዘበኛ ሳይሆን በባለርስቶቹ ስምምነት ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓታቸው አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት እንዲከለል ይወስናሉ፤ የሚከፈትበትን ቀን ይቆርጣሉ፤ ከቀኑ አስቀድሞ ማጭድ ያነሣውን ይቀጣሉ። ለቤት ክዳን የሚሆነው ጓሳ፣ ማገዶው፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ሁሉ በዚህ ጥበቃ ተርፈዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ ርስት ሲቀር ሥርዓቱም አብሮ ወደቀ፤ ደጋውም ተጎዳ። ኋላ ነገሩ መቃናት የጀመረው ነዋሪው እንደ ገና በጥበቃው ሥልጣን ሲያገኝ ነው። ታዲያ ያልደረሰው ማን ነው?

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገረ ገዥዎችን ደመወዝተኛ አድርጎ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ማዋሉ የሚመሰገን ነበር፤ ሹም ሁሉ እንደ ፈቀደ የሚያስገብርበትን ልማድ ለመዝጋት የታሰበ ነውና። ነገር ግን ሥልጣኑ ከመኳንንቱ እጅ ሲወጣ ወደ ሕዝቡ አልወረደም፤ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ይህን ሊያቃና ታስቦ ነበር፤ ሆኖም በፓርላማው ዘንድ ተቀባይነት አጥቶ በወረቀት ላይ ቀረ።

ዛሬ የሕግ ጉድለት አለን አንልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም የአማራ ክልል ወረዳዎች በጥቅል የሚሰጥ ድጎማ ይቀበላሉ፤ ምክር ቤትም አላቸው። ጉድለቱ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ የወረዳው ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል ይባላል። ነገር ግን በየወረዳው እንደሚታየው የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል አስቀድሞ ለደመወዝ የተቆረጠ ከሆነ፣ የእርሻ ግብሩ መጠንም በክልል የሚወሰን ከሆነ፣ ምክር ቤቱ የሚመክረው ስለ ምንድር ነው? የምንጭ ቧንቧ ለማስጠገን ደብረ ብርሃን ድረስ ደብዳቤ የሚጽፍ ወረዳ ተላላኪ እንጂ አስተዳዳሪ ሊባል አይገባውም።

«ሥልጣን ቢወርድ ሙስናም አብሮ ይወርዳል» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ የአገር ልጅ ዘመዱን ሊያደላ ይችላል። ነገር ግን የሩቁ ሹም ቢያደላ ማን ያየዋል? ለአንዲት ቁራጭ አጽመ ርስት እስከ ዙፋን ችሎት ሲሟገት የኖረ የመንዝ ሰው፣ እመኑኝ፣ ሒሳብ ለመጠየቅ አይሰንፍም!

ሌሎች ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተነሣውን ግጭት ጠቅሰው «ጊዜው አይደለም» ይላሉ። እኛ በተቃራኒው እናስባለን፤ ገበሬው የራሴ የሚለው፣ ገብቶ የሚከራከርበት ሸንጎ ባጣ መጠን ቅሬታውን የሚያወርድበት ሌላ መንገድ ይፈልጋልና።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የገበያው ክፍያና የመሬት መጠቀሚያው ገቢ ልክ በወረዳው ምክር ቤት ይወሰን፤ ከድጎማውም ደመወዝ የማይነካው ድርሻ ተለይቶ ለመንገድ፣ ለውሃና ለጤና ኬላ ይሰጠው። የሥራ ኃላፊዎችም ከላይ ተልከው ሳይሆን በምክር ቤቱ ተመርጠው ይሾሙ። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ፣ በገበያ ቀን፣ በሞላሌ አደባባይ ድምፅን ከፍ አድርጎ ይነበብ።