ያረጀች አህያ ስታነክስ ወጪው የማን ነው?

ከብት ወደ መተማ ወይም ወደ ሞያሌ የሚያስነዳ ነጋዴ የእያንዳንዱን በሬ ወጪ በቃሉ ያውቃል፦ የተገዛበትን ዋጋ፣ የነጂውን አበል፣ የመኖውን፣ የውኃውን፣ የክትባቱን፣ የደላላውን። ከሒሳቡ የምትቀር አንዲት እንስሳ ግን አለች። የነጂዎቹን ስንቅና የውኃ ጀሪካን ተሸክማ መንጋውን የምትከተለው አህያ ናት። ድንበር ከተማ ሲደረስም ገለባውን ወደ በረት፣ ውኃውን ከቦኖ ወደ ገንዳ የምታመላልሰው አህያ ናት። ለሽያጭ ስለማትቀርብ ዋጋዋ የሚታወሰው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በተገዛች ዕለትና መሄድ ባቃታት ዕለት።

መሄድ ባቃታት ዕለት የሚሆነውን በዚህ ንግድ ውስጥ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። ጭነቱ ይራገፋል፣ ሌላ አህያ በኪራይ ይፈለጋል፣ አሮጊቷ መንገድ ዳር ትቀራለች። የቀረውን ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል። ይህን የሚያደርገው ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ገንዘቡ በሙሉ ከብቱ ላይ ነው፤ ገዢ ይጠብቀዋል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ለነጂዎቹ እራት ብቻ ነው። «ለአህያ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ የለኝም» ሲል እውነቱን ነው።

ነገር ግን ገንዘቡ የጠፋው የዚያን ቀን አይደለም። አህያዋ ጤነኛ ሆና በምትሠራባቸው ዓመታት ሳይቀመጥ የቀረ ገንዘብ ነው። ያረጀች አህያን መንከባከብ እንደ ምጽዋት መታየቱ ስህተት ነው። የማጓጓዣ ወጪ ነው፤ እንደ ነጂ አበል ሁሉ ከመነሻው በሒሳብ መያዝ አለበት። እንዲህ ከተያዘ ደግሞ የሚፈራውን ያህል ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ መለየት ያለበት አህያዋ በእርግጥ አርጅታ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። አህያ በደህና ከተያዘች 25 እና 30 ዓመት መኖር ትችላለች። በጭነት ሥራ ላይ ያሉት ግን ብዙዎቹ የዚህን ግማሽ ሳይደርሱ «አርጅታለች» ይባሉና ይተዋሉ። አረጀች ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹን ያሰነከላቸው ዕድሜ ሳይሆን ሰኮናቸው ነው። ያለ ልክ ያደገ ወይም የተሰነጠቀ ሰኮና፣ ውስጡ የተሰነቀረ ጠጠር፣ መግል የቋጠረ እግር፣ ከአቅም በላይ በተጫነ ሸክም የተጎዳ መገጣጠሚያ፤ እነዚህ ሁሉ ከሩቅ ሲታዩ እርጅና ይመስላሉ።

አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ፈረስ በግልጽ በሚያነክስበት ሕመም አህያ ዝም ብላ ትቆማለች። ስለዚህ የሚጠበቀው ማነከስ ብቻ መሆን የለበትም። ከወትሮው ረዝማ የምትተኛ፣ ለመነሣት የምትዘገይ፣ ቆማ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የምታቀያይር፣ ከጓደኞቿ ተለይታ የምትቆም አህያ እግሯን እያመማት ሊሆን ይችላል። በድንገት አንድ እግሯን መርገጥ ካቃታትና ሰኮናው ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ውስጡ መግል አለ። የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ሲያፈሰው ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል። ሁለቱ የፊት እግሮቿ አንድ ላይ ታመው ክብደቷን ወደ ኋላ የምትጥል ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ እህል በብዛት ከበላች በኋላ ከሆነ፣ የሰኮና ውስጥ ብግነት ያጠራጥራል። ያን ጊዜ እህሉ ይቀራል፣ ጉዞው ይቆማል፣ ሐኪም ይጠራል።

የሰኮና እንክብካቤ ከሁሉም ወጪዎች ርካሹ ነው። ማታ ማታ ጭነት ሲራገፍ አራቱን እግር አንሥቶ ጠጠርና ጭቃ ማውጣት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለነጂው አምስት ደቂቃ ነው። ሰኮናው በየ6 እስከ 10 ሳምንቱ ታይቶ እንደ አስፈላጊነቱ ይከረከማል። የአህያ ሰኮና ከፈረስ ይልቅ ቀጥ ብሎ የሚቆም ስለሆነ በፈረስ ልክ የሚከረክም ሰው ይጎዳታል። ስለዚህ አህያ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ተገቢ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል፤ ቁጥሩን እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ገበያ ዋጋ ይተካ። አህያዋ በ12,000 ብር ተገዛች እንበል። 5 ዓመት ሠርታ ከወደቀች የግዢ ዋጋዋ በየወሩ 200 ብር ማለት ነው። በእንክብካቤ 8 ዓመት ከሠራች ግን በየወሩ 125 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 75 ብር፣ በ8 ዓመት 7,200 ብር ነው። ነጋዴው ይህን ያህል ለሰኮና፣ ለሐኪምና ለማረፊያ ጊዜዋ ቢያወጣ እንኳ አንዲት ሳንቲም አልከሰረም። በዚህ ላይ ያልተቆጠረ ነገር አለ፦ መንገድ ላይ የወደቀች አህያ መንጋውን ታስቆማለች። ውኃ የሌለበት ቦታ ላይ አንድ ቀን የቆመ ከብት የሚቀንሰው ክብደት ከአንድ ዓመት የሰኮና ወጪ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው እርምጃ ሥራን መቀነስ ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለሥራ እንስሳት ባወጣው መመሪያ የሥራው ሰዓት በቀን ከ6 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ይመክራል። ለጤነኛ አህያ እንኳ ከሰውነቷ ክብደት አንድ ሦስተኛ በላይ መጫን ተገቢ አይደለም። መገጣጠሚያዋ የደከመ አህያ ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ጭነት፣ በአጭርና ቁልቁለት በሌለው መንገድ መሥራት ትችላለች። ረጅሙን ጉዞ ለወጣቷ ሰጥቶ አሮጊቷን በረት አካባቢ ለውኃ ማመላለስ ማስቀረት ለብዙዎቹ የሚሆን መፍትሔ ነው። እያነከሰች ባለችበት ቀን ግን ምንም አይጫንም። በመኪና ትሂድ ማለትም አይቻልም፤ ይኸው ድርጅት በአራቱም እግሯ ረግጣ ሳትደገፍ መቆም የማትችል እንስሳ ለጉዞ ብቁ አይደለችም ይላል።

ሥራ ሙሉ በሙሉ ያቆመች አህያ የምትፈልገው ነገር ደግሞ አብዛኛው ከገንዘብ ይልቅ ትኩረት ነው። ደረቅ መኝታ ያስፈልጋታል፤ ከብቱ የተረፈው ገለባ ይበቃል፤ የረጠበው በየቀኑ ይወጣል። ውኃውና መኖው ሳትሄድ የምትደርስበት ቦታ፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ጥርሷ ስላለቀ ረጅም ጭድ አላኝክ ካለች አጭር አድርጎ መክተፍና በውኃ ማራስ፣ ትንሽ ፉርሽካም መጨመር ይረዳል። አብራት የኖረችውን ሌላ አህያ ከአጠገቧ አለማራቅም ወጪ የለውም፤ አህያ ጓደኛዋን ስታጣ መኖ ልታቆም ትችላለች። መኖ ያቆመች አህያ ደግሞ አንድ ቀን የማይሰጥ አደጋ ላይ ናት፤ የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ይለቀቅና ጉበቷን ይጎዳል። «ነገ ትበላለች» ማለት ብዙ አህያ ገድሏል።

ወድቃ መነሣት ካቃታት በደረቷ እንድትተኛ በገለባ በተሞላ ጆንያ ግራና ቀኝ ትደገፋለች። በየጥቂት ሰዓቱም ጎኗ ይገለበጣል፤ አለበለዚያ ቆዳዋ ይቆስላል። ሕመም ማስታገሻ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። በየገበያው ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ዳይክሎፌናክ የሚባለው መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ ሞቶ ሜዳ ላይ ሲጣል ሬሳውን የሚበሉትን ጥንብ አንሣዎች ይገድላል። ጥንብ አንሣ ያጣ አካባቢ ደግሞ ሬሳውን ለውሻ ያተርፋል።

በዚህ መሐል ደላላ ይመጣል። ለቆዳዋ ብቻ የሚገዛ፣ ድንበር አሻግሮ የሚወስድ ደላላ። ለተቸገረ ነጋዴ ይህ ነፃ ገንዘብ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ኬንያ ውስጥ የአህያ ቄራዎች በተከፈቱባቸው ዓመታት የአህያ ዋጋ ናረ፣ ስርቆት በዛ፤ መንግሥት በ2020 እ.ኤ.አ. እርዱን አገደ፣ ፍርድ ቤት በ2021 እገዳውን አነሣው። ቢሾፍቱ የተከፈተው ቄራም በ2017 በሕዝብ ተቃውሞ ተዘጋ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰኑ። ከሕጉ ባሻገር ተራ የገበያ ነገር አለ፤ ዛሬ አንካሳዋን ለቆዳ የሸጠ ነጋዴ ነገ ምትኳን ሲገዛ በዚያው ቆዳ ምክንያት የናረውን ዋጋ ይከፍላል። መሄድ የማትችል አህያን በእግሯ ድንበር ማሻገር ደግሞ ሌላ ስቃይ ነው።

«የልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ ይቀድማል» የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ ትክክል ነው። ሐቁን መደበቅም አይገባም፦ ሥራ ያቆመች አህያ የመጨረሻዎቹ ወራት ወጪ በምንም ስሌት ተመልሶ አይገኝም። ሕመሟ የማይድን፣ መነሣት የማትችል፣ መኖ ያቆመች ከሆነች መኖሯን ማራዘም ደግነት አይደለም። ያን ጊዜ ሐኪም ጠርቶ ያለ ስቃይ እንድትሞት ማድረግ፣ ከዚያም በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው የሚገባው። መንገድ ዳር መተውን ከዚህ ጋር የሚያመሳስሉ ሰዎች አሉ። አይመሳሰልም፤ ጅብ ሞቷን አይጠብቅም።

የወጪውን ሸክም ለአንድ ሰው ብቻ መተውም አያስፈልግም። ነጋዴው ለቀብር እድር አለው፣ ለንግድ እቁብ አለው። በአንድ በረት የሚገናኙ ነጋዴዎች ከየጉዞው ትንሽ ገንዘብ ለጋራ ሣጥን ቢያዋጡ ሰኮና ከርካሚ በየሁለት ወሩ ለማምጣትና በክፉ ቀን ሐኪም ለመጥራት ይበቃል። ብቻውን ለአንዲት አህያ የማይመጣ ባለሙያ ለሃያ አህያ ይመጣል።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። የአህያ ባለቤት ግን ያስጥላል፤ የሚያስጥለው ግን መንገድ ላይ በወደቀች ዕለት ሳይሆን ቀድሞ ነው። አህያ የሚገዛ ነጋዴ በዚያው ቀን ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ይጨምር፦ አንዱ ለሰኮናዋ፣ አንዱ ለእርጅናዋ። ከየጉዞው የሚገባበት ጥቂት ብር መሄድ ባቃታት ዕለት እዚያው ይገኛል።