የፖሊሱ ስልክና የሰበቃ ሕግ

አንድን ከባድ ሣጥን ከቆመበት ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ለመግፋት ከሚያስፈልገው እንደሚበልጥ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሰበቃ እስካለ ድረስ ግን መግፋቱ ከቀረ ሣጥኑ ይቆማል። የሞባይል ባንክም እንዲሁ ነው። ሰውን ማስመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚ ሆኖ እንዲዘልቅ ማድረግ ግን ሌላ ነው።

እስቲ በሸዋ ሮቢት ከተማ የተመደበ አንድ የፖሊስ አባል በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በይፋት ቆላ ሙቀት ውስጥ ቆሟል። ባንኩ ሲከፈት እርሱ ተረኛ ነው፤ ከተረኝነት ሲወጣ ባንኩ ተዘግቷል። ቤተሰቡም የሚኖረው በሌላ ወረዳ ነው። ከእርሱ ይበልጥ የሞባይል ባንክ የሚጠቅመው ማን ነው? ታዲያ ጥቅሙን እያወቀ ለምን ይተወዋል?

አኖል ባታቸርጂ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 በኢንተርኔት ባንክ ተጠቃሚዎች ላይ ያካሄዱት ጥናት ፍንጭ ይሰጠናል። ሰው በአገልግሎቱ የሚቀጥለው ጠቃሚ ሆኖ ሲያገኘውና ሲረካበት ነው፤ እርካታውም የሚመነጨው የጠበቀው ነገር በተግባር ሲረጋገጥለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአፍጋኒስታን የፖሊሶችን ደመወዝ በሞባይል ስልክ መክፈል በሙከራ ሲጀመር፣ አንዳንድ አባላት ደመወዝ የተጨመረላቸው መስሏቸው ነበር። የተጨመረ ነገር ግን አልነበረም፤ ቀድሞ በአለቆች እጅ ሲያልፍ ይጎድል የነበረው ገንዘብ ሳይነካ ደረሳቸው እንጂ።

መተማመን በአንድ ጊዜ አይገነባም፤ ይህንንም በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ከ100 ዝውውሮች 95ቱ ይሳካሉ እንበል። ጥሩ ውጤት ይመስላል። ነገር ግን በወር 20 ጊዜ የሚጠቀም ሰው ሁሉም የመሳካት ዕድሉ 0.95 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 36 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከሦስት ተጠቃሚዎች ሁለቱ ገደማ በየወሩ ቢያንስ አንድ እክል ይገጥማቸዋል ማለት ነው። የተሳካው 99 ቢሆን ግን እክል የሚገጥመው ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ ይሆናል።

ለከተማ ነጋዴ እክሉ የአንድ ሰዓት ጣጣ ሊሆን ይችላል። ለፖሊሱ ግን ፈቃድ ጠይቆና ተረኛ ለውጦ ባንክ ቤት መሰለፍን ይጠይቃል። ገንዘቡ ከሒሳቡ ተቀንሶ ለቤተሰቡ ሳይደርስ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ወር በሰው እጅ መላክን ይመርጣል።

የኔትወርክም ጉዳይ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከስልክ መተግበሪያው በተጨማሪ በ*127# እንዲሠራ ተደርጓል። ይህ መንገድ የስልክ ምልክት እስካለ ድረስ ያለ ኢንተርኔት ያገለግላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ሲቋረጥ፣ የዚህ ቀላል ዘዴ ዋጋ ታይቷል። ዘመናዊ የሚባለው ሁሉ የተሻለ እንዳልሆነም አስተምሮናል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የተመዝጋቢዎችን ብዛት መቁጠር በቂ አይደለም። መቆጠር ያለበት ባለፈው ወር የላከው በዚህም ወር መላኩ፣ የጠፋው ገንዘብም በስንት ሰዓት መመለሱ ነው። ተቋማት የጠፋ ገንዘብ ባለቤቱ ባንክ ቤት ሳይሄድ የሚመለስበትን ሥርዓት ቢያበጁ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ደንበኛ ያቆያል። እናንተም ተማሪዎች ነገ እነዚህን ሥርዓቶች ስትሠሩ፣ የቀረችው አንዲት በመቶ በፀሐይ የቆመ የአንድ ሰው የወር ደመወዝ ልትሆን እንደምትችል አትዘንጉ።