ኤሊዋ ምን ላይ ትተኛ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኤሊ ያለበት ግቢ ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም፤ ግን አብዛኞቻችን አንድ ሁለቱን እናውቃለን። አንድ አጎት ከመስክ ሥራ ሲመለስ ከቆላ መንገድ ዳር አንስቶ በመኪና ይዟት ይመጣል፣ ልጆች ጀርባዋ ላይ ቁጭ ብለው ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ በኋላ እሷም እንደ ውሃ በርሜሉ የግቢው ዕቃ ሆና ትቀራለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ትበላለች?» ሽሮ እንደማትበላ ይነገረዋል፣ ቆስጣና ሰላጣ እንደምትወድ ይነገረዋል፣ ሁሉም ይስቃል። «ምን ላይ ትተኛለች?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመንም።

እኛ ደግሞ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል እንላለን። በተለይ አቃቂ ላይ።

ለምን አቃቂ? መልሱ እግራችን ሥር ነው። አቃቂን የሚያውቅ ሰው ጥቁሩን አፈር ያውቃል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ጫማ ከእግር ነጥቆ ያስቀራል። የስንቱን ቤት መሠረት አንቀሳቅሶ ግድግዳውን የሰነጠቀው ይኸው አፈር ነው። ለጤፍ ተስማሚ ነው፤ ለኤሊ ግን መከራ ነው። በግቢዎቻችን በብዛት የምናያት፣ ድንጋይዋ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረችው ዝርያ፣ የደረቅ ሣር ምድርና የቆላ ቁጥቋጦ ልጅ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ባለ ቦታ፣ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ በማይደርቅ ጭቃ ላይ ሆዷን አስተኝታ እንድትከርም ተፈጥሮ አላዘጋጃትም። ፈረንጅ አገር እንዳሉት አንዳንድ ዘመዶቿ ክረምቱን ተኝታ የማሳለፍ ልማድም የላትም።

ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው። የሆዷ ድንጋይ ይረጥባል፣ ይላላል፣ ቆይቶም መሽተት ይጀምራል። አፍንጫዋ ላይ አረፋ ይታያል፤ አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ይህ የሳንባ ምች ነው። ቤተሰቡ ግን «ብርዱ አልተስማማትም» ይልና መስከረም ላይ ጓሮ ይቀብራታል። ዋናው ገዳይ ብርዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ይብስባት ነበር። ከብርድ ይልቅ የሚጎዳት ብርድና እርጥበት ሲጋቡ ነው፤ የሚያጋባቸው ደግሞ የተኛችበት መሬት ነው።

«እንግዲያስ ሊሾ ይደረግላት» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበቤ ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ካላለበሰው ቤት የሠራ የማይመስለው ዘመን ላይ ነን፤ ሣር ያለበት ግቢ «ያላለቀ ግቢ» ተብሏል። ሊሾ እርግጥ ይጠረጋል፣ ይታጠባል። ግን ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ሸካራነቱ ደግሞ ዕድሜዋን ሁሉ ሆዷን እየጎተተች ለምትሄድ እንስሳ ሞረድ ነው፣ ጥፍሯንና የሆዷን ድንጋይ ይበላዋል። በተቃራኒው የኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ያንሸራትታታል፤ እግሯ መቆንጠጫ አጥቶ ወደ ጎን ይከፈታል። (ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ ውስጥ ኤሊ ለማሳደግ ያሰባችሁ ወዳጆቻችን፣ እባካችሁ ድመት።)

ከሁሉም የከፋው ግን የእንቁላሉ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ሴት ኤሊ እንቁላሏን መሬት ላይ ጥላ አትሄድም። በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ መሬቱ ደርቆ እምቢ ካላት ከፊኛዋ ውሃ እያፈሰሰች ታለሰልሰዋለች። ትጥላለች፣ ትመልሳለች፣ በሆዷ ትደመድማለች። ከዚያ ዘወር ብላ አታይም። ይህን ለማድረግ የሚቆፈር አፈር ያስፈልጋታል፤ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው። በሊሾ ግቢ ውስጥ ለቀናት ከጥግ ጥግ ስትንከራተት፣ ሲሚንቶውን በእግሯ ስትቧጭር ታዩአታላችሁ። ልጆች «እየጨፈረች ነው» ይላሉ። ቦታ ስታጣ እንቁላሉን ይዛ ትቆያለች፤ የያዘችው እንቁላል ውስጧ ይቀራል፣ ይሰበራል፣ ይመረቅዛል፤ በመጨረሻ ይገድላታል። ደግሞ ያለ ወንድ ኑራ እንቁላል አትጥልም ብላችሁ አትጽናኑ። ዶሮ ያለ አውራ እንደምትጥለው ሁሉ እሷም ትጥላለች። እንግዲህ አንዲት ኤሊ በስንት ሺህ ብር ቆስጣ ብትቀለብ፣ አንድ ካሬ የማይሞላ አፈር በማጣት ትሞታለች ማለት ነው።

ሦስተኛው የሰፈር ዘዴ ሰጋቱራ ነው። ዶሮ አርቢዎቻችን ይጠቀሙበታል፣ ርካሽ ነው፣ የእንጨት ቤቱም ጎረቤት ነው። ችግሩ የዛሬ የእንጨት ቤት እንጨት ብቻ አይሠራም። ከመጋዙ ሥር የሚጠረገው ዱቄት ግማሹ ችፑድና ኤምዲኤፍ ነው፤ በሙጫ የተጋገረ፣ ፎርማልዲሃይድ የሚተን፣ አንዳንዴም ቫርኒሽ የተቀባ። አፍንጫዋ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ የማይል እንስሳ ይህን ቀን ከሌት ትስባለች። ከቅጠሉ ጋር ስትውጠው ደግሞ አንጀቷ ውስጥ ያብጣል።

«እኔስ ንጹሕ እንጨት መርጬ አመጣለሁ» ላለ፣ አንድ የቋንቋ ወጥመድ አለ። የፈረንጆቹ የእንስሳት መጻሕፍት በሙሉ «የሲዳር ፍቅፋቂ ለተሳቢ እንስሳ አታንጥፉ» ይላሉ፤ ሽታው ሳንባና ጉበት ይጎዳል። ሲዳር በመጽሐፍ ቅዱሳችን ትርጉም ዝግባ ነውና፣ አንባቢ «ዝግባን ልሽሽ» ይላል። ነገር ግን የእኛ ዝግባ ሌላ ዛፍ ነው፤ ከሊባኖሱ ጋር ስም እንጂ ሥጋ አይጋሩም። እነሱ በገበያቸው «ቀይ ሲዳር» የሚሉት ደግሞ በእውነቱ የጥድ ወገን ነው! የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመዱ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚመለከተው ጥድን ነው። ምስጥ የማይደፍረው፣ አባቶቻችን ለአጥርና ለቤተ ክርስቲያን የመረጡት፣ ያ ደስ የሚል ሽታ ያለው ጥድ። ምስጡን ያባረረው ዘይት ኤሊዋንም አይምራትም። ባሕር ዛፍም ከዘይቱ ጋር በዚያው ይቆጠር።

አራተኛው ወንዙ ነው። «አሸዋና አፈር ከወንዝ ዳር እናምጣ» ማለት ለአቃቂ ልጅ በጣም ተፈጥሯዊ ነው፤ በነጻ ነዋ። ግን የትኛው ወንዝ? ትልቁም ትንሹም አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ከመውረዳቸው በፊት የከተማውን ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን ሁሉ ተሸክመው ያልፋሉ። በወንዙ የሚለሙ ማሳዎች አፈርና አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ደጋግመው አግኝተዋል። ካልሲየም ያጠራት ኤሊ ደግሞ አፈር ትበላለች፤ ጥጋብ ይዟት ሳይሆን ድንጋይዋን የምትሠራበት አጥታ ነው። መርዙን በማንኪያ እንደ ማጉረስ ነው። (እግረ መንገዳችንን፦ ያው ቆስጣ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ለእሷ ብቻ አይደለም የምንለው፤ ምሳ ላይ ለሚቀርብላችሁም ጭምር ነው።)

ልጆች ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። ኤሊ ጤነኛ ሆና ሳልሞኔላ ልትሸከም ትችላለች፤ የሚራባው ደግሞ ተጸዳድታበት ባልተቀየረ እርጥብ ንጣፍ ላይ ነው። አሜሪካኖች በ1975 እ.ኤ.አ. ድንጋያቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የከለከሉት ሕፃናት እየያዙ፣ አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ስለታመሙ ነው። እጅ በሳሙና መታጠብ አለ፣ ንጣፉን መቀየርም አለ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ታዲያ ምን ይነጠፍ? የኮኮናት ፍቅፋቂና በከረጢት የታሸገ ንጣፍ እዚህ አገር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። «የካልሲየም አሸዋ» የሚባለውን ማስታወቂያ ደግሞ እርሱት፤ ሆድ ውስጥ ይሟሟል እያሉ የሸጡት፣ እንደ ሲሚንቶ እየረጋ አንጀት የዘጋ ነው። የግቢውን ከፍ ያለና የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ምረጡ። ጥቁሩን አፈር ግማሽ ሜትር ያህል አውጡት፤ ከሥር ውሃ እንዲያሳልፍ ድንጋይና ገረጋንቲ ሙሉ፤ ከላይ ፋብሪካም ጋራዥም ከሌለበት ቦታ የመጣ ቀይ አፈር ከታጠበ የግንባታ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ከግቢው ወለል ከፍ አድርጋችሁ ደልድሉ። ገረጋንቲው ላይ እንዳይታይ፤ ስለታም ነው። አንዱ ክፍል ጣሪያ ይኑረው። ለሌሊቱ ከመሬት ከፍ ያለ ሣጥን፣ ውስጡ ድርቆሽ። የጤፍ ጭድም ይሆናል፣ ግን ደረቅ እስከሆነ ብቻ፤ የሻገተ ጭድ ከጭቃ አይሻልም። ምግቧን አፈር ላይ አትበትኑ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቅርቡላት።

የታመመች ከሆነ ግን ለጥቂት ሳምንታት ከሁሉም የሚሻለው ጋዜጣ ነው። ደረቅ፣ ርካሽ፣ ዓይነ ምድሯንም ሆነ ደሟን ወዲያው የሚያሳይ። የጋዜጣ መሸጫዎች እየተመናመኑ በሄዱበት ከተማ ለኤሊ የሚነጠፍ ጋዜጣ ማግኘት ራሱ ሥራ ሆኗል፤ ያ ግን የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።

አንባቢ «ይህን ሁሉ ከመድከም ባትኖረኝስ?» ቢል ትክክል ነው። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ኤሊ ለመግዛት የተነሳ ሰው ካለ አልተግባባንም። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይትስ ስምምነት አባል ናት፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን በጥፋት ቆጥሯል። የመንገድ ዳሯ ኤሊ መንገድ ዳር ትቅር። ነገር ግን ሃያ ዓመት ግቢ የኖረችዋን አስነስቶ ወንዝ ዳር ወይም እንጦጦ ላይ መጣልም ነፃ ማውጣት አይባልም፤ አንድም በብርድ ትሞታለች፣ አንድም በሽታ ይዛ ትሄዳለች። ማስረከብ የፈለገ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ያነጋግር።

ማስረከቡ እስኪሳካ ድረስ ግን እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ናት፣ ክረምቱም ይመጣል። ጉድጓዱን ለመቆፈር ጥሩው ጊዜ ከሰኔ በፊት ነው፤ ያኔ ጥቁሩ አፈር ገና በአካፋ ይነሳል።